የሚቀጥለው ታራጅ

ደም በማጥብበት ቄራ፣ የሚታረደውን በሬ በተራ የሚጠራውን ፕሮግራም የሠራው የእህቴ ልጅ ነው። ዛሬ ስክሪኑ በበሬ ፋንታ አራጁን ጠራ።

«እኔን የሚያርድ ወንድ የታባቱ ተወልዶ!» ብሎ አራጁ ሳቀ።

«አክስቴ፣» አለ የእህቴ ልጅ ኮምፒውተሩ ላይ አጎንብሶ፣ «ስም ዝርዝሩ ያለበት የኤክስኤምኤል ፋይል ከብቱንም ሠራተኛውንም ይዟል። በረቱን ብቻ ፈልግ ያልኩት መስሎኝ ነበር፤ ለካ ፋይሉን ከላይ ጀምሮ ነው የሚያስሰው።»

«ታዲያ አጥፋው እንጂ፣ አንተ ሞኝ!»

ሳያጠፋው በሐዲድ የሚሄደው የሥጋ መስቀያ ሜንጦ ከማረጃው ክፍል ሥጋ አንጠልጥሎ መጣ። ቆዳው ተገፏል፣ ጭንቅላት የለውም፣ ደሙ ይንጠባጠባል። እግሩ ላይ ግን የአራጁ ቦቲ አለ።

አራጁ አጠገቤ በባዶ እግሩ ቆሞ፣ «ቦቲዬን ማን ወሰደብኝ?» አለ።

ስክሪኑ የእህቴን ልጅ ጠራ። ክንዱን አንቄ ወደ በሩ ጎተትኩት፤ ሞቼም አልለቀውም።

«ቀስ በይ እንጂ አክስቴ» አለኝ፤ «እግሬን በረደኝ።»