ክንፉ የጎደለ ዓሣ

ልጅቷ መቀሱን ወደ ዓሣው ክንፍ ስታስጠጋ፣ ዓሣ ሻጯ ሐጀራ እጇን ለቀም አደረገች። ከጅቡቲ በበረዶ ተጭኖ መርካቶ የገባውን ይህን ትልቅ ዓሣ፣ ለሆቴል የሚገዛው ሙናዊር ቆሞ እየጠበቀው ነበር።

«ከዩኒቨርሲቲ ነኝ፣ እትዬ። ጥፍር የምታህል ቆርጬ፣ ዲኤንኤው ውስጥ ካለው ምልክት ዘሩን ላጣራ ነው።»

«ዘሩን?» ሐጀራ ቱግ አለች። «በእኛ መታወቂያ ላይ ብሔር የጻፋችሁት አልበቃ ብሎ፣ አሁን ደግሞ ዓሣውን?»

ልጅቷ ሳቋ አመለጣት። «ኧረ ዘመዱን ማለቴ ነው! የጅቡቲውና የበርበራው ዓሣ አንድ ቤተሰብ ከሆኑ፣ በሁለቱም ወደብ የሚጠመደው ያው አንዱ ነው። ሳናውቀው እንጨርሰዋለን።»

ሐጀራ ዓሣው ከዓመት ዓመት እያነሰ መምጣቱን ለማንም ተናግራ አታውቅም። ይቺ ከሲታ ልጅ በጥፍር በምታህል ቁራጭ የባሕር ቤተዘመድ ልትለይ! ማሻአላህ፣ አለች በልቧ። እጇን ለቀቀችላትና ከበርበራ የመጣውንም ዓሣ ሳጥን ራሷ ከፈተችላት።

«ክንፉ የጎደለ ዓሣ ለእንግዳ አላቀርብም» አለ ሙናዊር።

«ዘመድ እያፈላለግንለት ነው» አለችው ሐጀራ። «ካልፈለግክ ሂድ።»