የአራስ ገንፎ

ሰይፈ ዱቄቱን በአንድ ጊዜ ድስቱ ውስጥ ይገለብጠዋል። የፈላው ውሃ መጀመሪያ ይውጠዋል፤ ወዲያው ደግሞ ጓል ጓሉን መልሶ ይተፋዋል። በማማሰያው ሊያሳድዳቸው ይሞክራል። ከሥር የተቃጠለ የገብስ ሽታ ይመጣል።

“አረረ” ይላሉ ኤዶ ሚሬ፣ የኩሽናው በር ላይ በርጩማ አስጠግተው እንደተቀመጡ። “አውርደው።”

ኤዶ ሚሬ የቤቱ አከራይ ናቸው፤ “ኤዶ” በሶማሊኛ አክስት ማለት ነው። እጃቸው ደህና ቢሆን ኖሮ ሰይፈን ከምድጃው ገፍተው እሳቸው ይሠሩት ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን ደረጃው ላይ ወድቀው ቀኝ እጃቸው በጀሶ ታስሯል።

ከመጋረጃው ማዶ ሚስቱ ፍቅርአዲስ ተኝታለች። ትናንት ሆስፒታል ወልዳ ዛሬ ረፋዱ ላይ ነው ቤት የገባችው። ብዙ ደም ፈሷታል። ነርሷ “በደንብ ትብላ” ብላ ነው የሸኘቻቸው። ሰይፈ ከምግብ ቤት ሾርባ አመጣላት፤ ቀምሳ መለሰችው። ዳቦውንም አልነካችውም። “ገንፎ ነበር ያማረኝ” አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ገንፎውን ሊያገነፉ የነበሩት እናቷ ናቸው። ዱቄቱንና ቅቤውን አስቀድመው በሰው ልከዋል። እሳቸው ግን የተሳፈሩበት አውቶቡስ ተበላሽቶ ባቢሌ ቀርተዋል፤ ከነገ በፊት አይደርሱም።

ፍቅርአዲስን ከወገኖቿ ለይቶ ጅጅጋ ያመጣት ሰይፈ ነው። የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነው፤ የቶጎጫሌን መንገድ ከነጉድጓዱ ያውቀዋል። ምድጃ ላይ ግን ከሻይ ሌላ ነገር ጥዶ አያውቅም።

“በቃ ይቅር” ይላል ማማሰያውን እያስቀመጠ። “ሄጄ ፓስታ ላምጣላት።”

“ፓስታ ጠየቀችህ?”

“አልጠየቀችም።”

“እንግዲያው ድስቱን እጠብ።”

ሰይፈ የድስቱን ቂጥ በማንኪያ እየፋቀ ያጥባል። ኤዶ ሚሬ ከበርጩማቸው ሳይነሱ ያወራሉ።

“እኔ ገንፎ አላውቅም። እኛ ሶር ነው የምንሠራ፣ በበቆሎ ዱቄት። ግን ያው ውሃና ዱቄት አይደል? የመጀመሪያ ሶሬን ባለቤቴ ለፍየሏ ሰጣት። ፍየሏም እምቢ አለች፣ ወላሂ።”

ከመጋረጃው ማዶ ትንሽ ሳቅ ይሰማል። “ኤዶ፣ አያስቁኝ፤ ያመኛል” ትላለች ፍቅርአዲስ።

ሰይፈ እጁን ያቆማል። ከሆስፒታል ከመጡ ወዲህ ስትስቅ ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ድስቱን ያለቀልቅና እንደገና ይጥዳል።

“ከሰሉን ቀንስ። በዝቶ ነው ያሳረረብህ” ይላሉ ኤዶ ሚሬ። ውሃው ሲፈላ ደግሞ “ጨው ጨምር። ከውሃው ትንሽ በጣሳ ቀንሰህ አስቀምጥ” ይሉታል።

“ለምን?”

“ሲደርቅብህ ልትጨምር ነዋ። አሁን ዱቄቱን በጭብጥህ፣ ትንሽ ትንሽ። ሌላው እጅህ እንዳያርፍ።”

በግራው ይነሰንሳል፤ በቀኙ ያማስላል። መጀመሪያ አጥሚት ይመስላል። ቀስ በቀስ ይከብዳል፤ ማማሰያው ድስቱን ከምድጃው እየጎተተ ያነሣዋል። ኤዶ ሚሬ በርጩማቸውን ወደ እሳቱ ይስቡና በደህና እጃቸው የድስቱን ጆሮ በጨርቅ ይይዙለታል።

“ዋርያ፣ አንተ፣ ማርሽ አይደለም እኮ! ወደ ራስህ ሳበው። እዚያ ጋ ጓል አለ፤ ከድስቱ ግድግዳ ጋር ጨፍልቀው።”

ይጨፈልቀዋል። ሌላ ያገኛል፤ እሱንም። ሲደርቅበት፣ ሳይነግሩት፣ ከጣሳው ጠብ ያደርግበታል። ክንዱ ዝሏል፤ ላቡ ከአገጩ እንዳይንጠባጠብ በትከሻው ይጠርጋል።

“በሰለ?”

“እኔ ምኑን አውቄ? ገንፎ የአገርህ ነው። እናትህ በምን ነበር የምታውቀው?”

ሰይፈ ድስቱን ያያል። ልጅ እያለ እናቱ ሲሠሩ ከአጠገባቸው አይጠፋም ነበር፤ የሚጠብቀው ግን ቅቤውን ነበር። አንድ ነገር ይመጣለታል። ጣቱን ውሃ ውስጥ ይነክርና ገንፎውን ጫን ያደርገዋል። ያነሣዋል። ጣቱን ለኤዶ ሚሬ ያሳያቸዋል፤ ምንም አልያዘም።

“አልተጣበቀም” ይላል።

“ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?”

ሳህኑን ቅቤ ቀብቶ ገንፎውን ይገለብጣል። መሐሉን በማንኪያ ጀርባ ጎድጎድ አድርጎ የቀለጠውን ቅቤና በርበሬ ያፈስበታል። አንዱ ጎን ይናድና ቅቤው ወደ ሳህኑ ጠርዝ ይወርዳል። ሊያስተካክለው ይሞክራል፤ ኤዶ ሚሬ በአገጫቸው ወደ መጋረጃው ይጠቁሙታል። የዐስር ሶላት አዛን እየተሰማ ነው። ተነሥተው ሊሰግዱ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።

ፍቅርአዲስ ሕፃኗን ወደ ግድግዳው አስጠግታ ቀና ትላለች። ሰይፈ ትራሱን ከጀርባዋ ያደርግላትና ሳህኑን ጭኗ ላይ ያስቀምጣል። የተናደውን ጎን ታየዋለች። ከዳር ቆርሳ፣ ቅቤውን አጥቅሳ ትጎርሳለች። እሱ አልተቀመጠም።

“ጨው አንሶታል” ትላለች።

“እሺ።”

ሁለተኛውን ትጎርሳለች፤ ሦስተኛውንም። ከዚያ በኋላ ቀና ብላ አታየውም። በፍጥነት ነው የምትበላው፤ ቅቤው በእጇ ሲወርድ ትልሰዋለች። ሕፃኗ ትነጫነጫለች፤ ፍቅርአዲስ በክርኗ እሹሩሩ እያለቻት መብላቷን አታቆምም። ሳህኑ ሲያልቅ ግርጌውን በጣቷ ትጠርጋለች። ጉንጯ ወዝቷል።

“ሌላ አለ?”

ሰይፈ ድስቱ ባዶ እንደሆነ ያውቃል።

“አለ” ይላታል።

ወደ ኩሽና ይመለሳል። በርጩማው ባዶውን ምድጃው አጠገብ ቆሟል። ድስቱን አጥቦ ውሃ ያደርግበትና ይጥዳል። ጨው በጣቶቹ ያነሣል፤ መዳፉ ላይ አድርጎ ያየዋል፤ ትንሽ ይጨምርበታል።