ከመጋረጃው ፊት የቀረበ ቁርስ

«ይብሉ እንጂ ጓድ ወልደጻድቅ... ምነው?»

ወልደጻድቅ ሹካውን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው።

ፊቱ ያለው ሰሃን ላይ የተቀቀለ እንቁላል፣ አይብና በስሱ የተቆረጠ የአሳማ ሥጋ ተቀምጧል።

ጊዜው ሚያዝያ 1981 ነው። ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት።

ቦታው ከፍራንክፈርት ወደ ኮፐንሃገን የሚበር የጠዋት አውሮፕላን ውስጥ ነው። አጭር በረራ ናት... ለወልደጻድቅ ግን አላልቅ ብላዋለች።

ወልደጻድቅ አሰላ ውስጥ ባለ አንድ የእርሻ መሥሪያ ቤት የገብስ ዘር ባለሙያ ነው። ለሥልጠና ተልኮ ነው የሚሄደው። ብቻውን ግን አልተላከም...

አጠገቡ ተቀምጦ «ይብሉ እንጂ» የሚለው የመሥሪያ ቤቱ የፓርቲ ተጠሪ ጓድ ከዲሮ ነው።

የሁለቱም ቲኬት ለኋላ ወንበር ነበር። ከኋላ ሞልቶ ሲገኝ ሆስተሷ ፈገግ ብላ ከመጋረጃው ፊት አምጥታ አስቀመጠቻቸው። ቢዝነስ ክላስ!

ሰፊ ወንበር... ነጭ የጨርቅ ናፕኪን... የሸክላ ሰሃን...

ሌላ ሰው ቢሆን ለአገር ምድሩ ያወራው ነበር። ወልደጻድቅ ግን ዞር ብሎ መጋረጃውን በናፍቆት ያያል። ከኋላ ላሉት የሚታደለው ዳቦና ሻይ ብቻ ነበር።

ለምን ይህን ያህል ፈራ?

አፀደ ላይ የደረሰውን ስላየ ነው።

አፀደ የመሥሪያ ቤቱ ሒሳብ ሹም ነበረች። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ላይ ስሟ ተነሳ። ሁዳዴን ትጾማለች፣ በኋላ ቀር እምነት የሠራተኛውን ንቃት ታዳክማለች ተባለ።

«ከሥራ ትሰናበት የምትሉ እጃችሁን አውጡ» ሲባል ከዲሮ እጁን አወጣ።

ወልደጻድቅም አወጣ... እሱ ራሱ እየጾመ!

እሷም ጓዟን ጠቅልላ በቆጂ እናቷ ቤት ገባች። ከዚያ ወዲህ ስሟን ያነሳ ሰው የለም።

እና አሁን ተራው የእሱ ነው። ባይበላ፣ ይህ አጠገቡ ያለው ሰው አሰላ ሲመለሱ በስብሰባ ያነሳበታል። ሥራው ከሄደ ሚስቱ ተሻለች ልጆቹን ምን ታበላለች? ቢበላ ደግሞ... ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሻረውን ጾም እንዴት ይሽረዋል?

ከዲሮ ወደ መስኮቱ ዞር አለ።

ወልደጻድቅ ያንን ሁሉ በናፕኪኑ ጠቅልሎ ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተተው። ከዚያ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከንፈሩን ሳያንቀሳቅስ ጸለየ።

ዓይኑን ሲገልጥ የከዲሮም ሰሃን ባዶ ሆኗል።

የአሳማ ሥጋው የለም...

ሙስሊም ሆኖ፣ በረመዳን፣ የአሳማ ሥጋ የበላ ሰው እኔን ምን ይምረኛል ብሎ ወልደጻድቅ አሰበ።

ከዲሮ የወልደጻድቅን ባዶ ሰሃን አየና ጣፈጠዎት ወይ ብሎ ጠየቀው። በጣም፣ አለ ወልደጻድቅ። የከዲሮ እጅ ከኮቱ ኪስ ላይ አልተነሳም... ወልደጻድቅ ግን ያንን ልብ አላለም።

አውሮፕላኑ አረፈ።

ጉምሩክ ላይ አንድ ረጅም ፈታሽ የወልደጻድቅን ኮት አየ። ኪሱ አብጧል፣ ቅባትም ወጥቶበታል። ያለውን ሁሉ ጠረጴዛው ላይ እንዲያወጣ በእጁ አመለከተው።

ወልደጻድቅ ናፕኪኑን አውጥቶ ፈታው። እንቁላሉ ተንከባለለ...

አለቀልኝ አለ በልቡ። አንገቱን ደፍቶ የከዲሮን ቁጣ ጠበቀ።

ቁጣው ግን አልመጣም።

ቀና ሲል ጠረጴዛው ላይ ሌላ ነጭ ናፕኪን አየ። እንቁላል... አይብ... የአሳማ ሥጋ...

የከዲሮ ነበር። እሱም ኪሱን እንዲያራግፍ ታዝዞ ኖሯል።

ፈታሹ ሁለቱን አየት አየት አድርጎ ሳቀና ሁሉንም ቆሻሻ ውስጥ ጣለው። እነሱ አልሳቁም።

ሻንጣቸውን ይዘው ወደ መውጫው ሄዱ። ከዚያ ከዲሮ ለመጀመሪያ ጊዜ «ጓድ» ማለቱን ተወው።

«ጋሽ ወልደጻድቅ... በረመዳን ለመንገደኛ ጾሙን መፍታት ይፈቀዳል። እኔ ግን አንድም ቀን እንዳያልፈኝ ብዬ ያዝኩ። የአሳማ ሥጋው ሲመጣ ደግሞ... እርስዎ አለመብላቴን አይተው በስብሰባ እንዳያነሱብኝ ፈራሁ።»

«እኔ? እኔ እኮ የምፈራው እርስዎን ነው።»

ሁለቱም ቆሙ። ማንም ስሟን አልጠራም... ግን ሁለቱም ያሰቡት አፀደን ነበር።

አሰላ በተመለሱ በመጀመሪያው እሁድ አውቶቡስ ተሳፍረው በቆጂ ሄዱ። አፀደ ጋቢዋን እንደተከናነበች በሩን ከፈተች። ከዲሮ እነሱም ይጾሙ እንደነበር ሊነግራት ጀመረ።

«አውቃለሁ» አለች አፀደ።

«ጓድ ከዲሮ፣ ረመዳን በገባ ቁጥር ጨጓራዎ ይነሳ ነበር። ጋሽ ወልደጻድቅም በሁዳዴ ምሳ ሰዓት ላይ ሁልጊዜ ጉዳይ ነበረብዎት። ከስብሰባው በፊት ከአውራጃው ፓርቲ የመጣ ሰው ለብቻዬ ጠርቶኝ፣ ሌላ የሚጾም ካለ ተናገሪና አንቺን እንተውሻለን ብሎኝ ነበር።»

ጋቢዋን ሰብሰብ አደረገች...

«ሁለታችሁም ልጆች አሏችሁ። ማንንም አላውቅም አልኩት። ከዚያ ገብቼ ተቀመጥኩ... እናንተም እጃችሁን አወጣችሁ።»

ወልደጻድቅ መሬት መሬቱን እያየ አለቀሰ።

አፀደ በሩን ሰፋ አድርጋ ከፈተችላቸው።

«ግቡ፣ ውጭ ብርድ ነው» አለች።

ወገኖቼ... የምንፈራው ሰው ብዙ ጊዜ እኛን እየፈራ ነው። ሁለት ሰዎች ሲፈራሩ ደግሞ ዕዳው የሚወድቀው ዝም ባለው ሦስተኛ ሰው ላይ ነው።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ አፀደን ብትሆኑ ያን በር ትከፍቱላቸው ነበር?

«አዎ» ብላችሁ ለመጻፍ ከመቸኮላችሁ በፊት ግን፣ ሰው ሁሉ ስላወጣ ብቻ በአንድ ሰው ላይ እጃችሁን ያወጣችሁበትን ቀን አስቡት። የዚያን ሰው በር እናንተስ አንኳኩታችኋል?