እጅ የማትፈልገው ሳጥን

«ቀለበትዎን ላንዴ ያውሱኝ፣ ጋሼ» አለኝ ባለሱቁ፣ መዳፉን በመስታወቱ ባንኮኒ ላይ ዘርግቶ።

እጄን ከኮቴ ኪስ ማውጣት አልፈለግሁም። እዚያው ኪሴ ውስጥ ቀለበቱን ከጣቴ አላቅቄ ባንኮኒው ላይ ጣል አደረግሁለትና እጄን ቶሎ መለስሁ።

በመሐረብ ጠቀለለው። «እፍ ይበሉበት።» እፍ አልኩበት። መሐረቡን ሲያራግፈው ባዶ ነው። ቀጥሎ ከመጀመሪያው ጀምሮ ዓይኔ ሥር የነበረችውን፣ ከክብሪት ቀፎ የማትበልጥ የእንጨት ሳጥን በትንሽ ቁልፍ ከፈታት። ቀለበቴ ውስጧ ተኝቷል።

አርባ ዓመት በአንድ ትልቅ ሆቴል ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞርኩ የእንግዶችን ቀለበት በምትሃት ሳጠፋና ስመልስ የኖርኩ ሰው ነኝ። ዓይኔ የት ማየት እንዳለበት ያውቃል። ግን ምንም አላየሁም።

«እጅህ መቼ ሠራ?» አልኩት።

«እጅ የለበትም» አለኝ ፊቱ በርቶ። «ሁሉንም የምትሠራው ሳጥኗ ናት። እጁ የማይታዘዝለት ሰው እንኳ ቢሆን…» ብሎ ቀሪውን ዋጠው።

ዋጋዋን ጠየቅሁት። የሦስት ወር ጡረታዬ ነው።

«ውድ ናት» አልኩ።

«ውድ ናት» አለ እሱም፣ ሳይከራከር። «ለማን ነው የፈለጓት?»

«ለእህቴ ልጅ። እንደ አጎቴ ካልሆንኩ ብሎ ሙጭጭ ብሏል።»

እህት የለኝም።

ቅዳሜ ትንሿ ልጄ የእጮኛዋን ወላጆች ቤታችን ይዛ ትመጣለች። «አባቴ ሳይታወቃችሁ ቀለበታችሁን ከጣታችሁ ላይ ያነሳዋል» ብላ አውርታላቸዋለች። ባለፈው በልደቷ ቀን ካርታው ከእጄ ተበትኖ ሲወድቅ፣ ጠረጴዛውን የከበበው ሰው ሁሉ ድንገት ሳህኑን ማየት ጀመረ። ደክሞት ነው ተባለ። ሐኪሙ ያለኝን ለማንም አልተናገርኩም።

ይህ ባለሱቅ ደግሞ ተማሪዬ ነበር። ሁለት ዓመት አስተምሬዋለሁ፤ ማስተማር ከተባለ። ጣቱ ስለማይፈጥን «ዱልዱም» የሚል ስም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። ሳንቲም ከእጁ ሲወድቅ ሌሎቹን ተማሪዎች «ኑ፣ እዩት» ብዬ እጠራ ነበር። አንድ ቀን ከደመወዙ አጠራቅሞ የገዛትን የምትሃት ዕቃ ሊያሳየኝ እየሣቀ መጣ። ተቀብዬ መሬት ላይ ጣልኳትና በጫማዬ ደፈጠጥኳት። «ምትሃት በሱቅ አይሸጥም! እጅህ እምቢ ካለ ሂድና ሽንኩርት ነግድ» አልኩት በሰው ፊት። ሌሎቹ ሣቁ። እሱ ስብርባሪውን አንድ በአንድ ለቅሞ ወጣ፤ ተመልሶም አልመጣ።

ዛሬ በሩን ከፍቼ ስገባ ቀድሞ ያወቀኝ እሱ ነው። ከመቀመጫው ብድግ አለልኝ። ያኔውኑ ወጥቼ መሄድ ነበረብኝ፤ ግን ቅዳሜ ደርሷል።

ግድግዳው ላይ «ምስጢሩ የሚነገረው ከክፍያ በኋላ ነው» የሚል ወረቀት ተለጥፏል። እሱ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሁሉንም ነገረኝ። እስኪያሳፍር ድረስ ቀላል ነው።

«እስቲ ይሞክሯት» አለ።

ማምለጫ የለም። ቀኝ እጄን አወጣሁ። ቀለበቱን አንስቼ ወደ ሳጥኗ ሳስጠጋው ከእንጨቱ ጋር ተጋጨ፤ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። ማቆም አልቻልኩም። ጸጥ ባለው ሱቅ ውስጥ ሰው በብርድ ጥርሱን የሚያንቀጫቅጭ ይመስል ነበር።

አየኝ። ከዚያ ጀርባውን ሰጥቶኝ መደርደሪያው ላይ ያሉትን ካርቶኖች ማስተካከል ጀመረ። ካርቶኖቹ እኮ ቀድሞውንም ቀጥ ብለው ነው የተደረደሩት።

«ቀስ ብለው ይሞክሩ ጋሼ፤ እኔም እዚህ ትንሽ ሥራ አለብኝ።»

ቢስቅብኝ እችለው ነበር። ቢሰድበኝም መልስ አላጣም። በዚያ ጀርባ ፊት ግን እስከ ጆሮዬ ድረስ ጋለኝ፤ የምገባበት ጠፋኝ።

ሞከርኩ። ቀለበቱ አምልጦኝ መሬት ላይ ተንከባለለ። እሱ አልዞረም። ጎንበስ ብዬ አነሣሁት። ደግሜ ሞከርኩ፤ አሁንም አልሆነም። በሦስተኛው መሐረቡን ሳራግፈው ባዶ ነው፤ ቀለበቱ ሳጥኗ ውስጥ ገብቷል።

«የእህቴ ልጅ የሚባል የለም» አልኩት ለጀርባው። «ለራሴ ነው።»

«አውቃለሁ» አለ ቀስ ብሎ።

«ሙሉ ዋጋዋን ነው የምከፍልህ። እንዳትቀንስልኝ።»

«እሺ ጋሼ።»

ስለዚያች ስለሰበርኳት ዕቃ አንድ ነገር ልለው ብዬ፣ በምትኩ የገንዘብ ቦርሳዬን አወጣሁ። እሱ ዞር አለና እጄን አሁን በግልጽ አየው።

«ቀኝዎን አያስጨንቁት» አለኝ። «ሥራውን በግራዎ ይሥሩት። ቀኝዎ እንደ ልቡ ይንቀጥቀጥ፤ ሰው ሁሉ እሱን ነው የሚያየው።»

እውነቱን ነው። ዓይን የሚንቀሳቀሰውን ይከተላል። ይህን ትምህርት ለሌሎቹ ተማሪዎች ሁሉ ሰጥቻለሁ። ለእሱ ብቻ አልሰጠሁትም፤ አይገባውም ብዬ።

«እሺ» አልኩት።

ቀኝ እጄን መብራቱ ሥር፣ መስታወቱ ላይ አሳረፍኩት። ተንቀጠቀጠ። ሁለታችንም አየነው።