የዳኛው ጠበቃ

ስሚኝማ የኔ ማር፣ ቅዳሜ ዕለት የኛ የኮሌጅ ቡድን ሽመላዎቹ በአሜሪካ እግር ኳስ በሦስት ነጥብ ተሸንፈው ከዋንጫው ሲሰናበቱ አይተሽ ከሆነ እስካሁን እህል እንዳልዋጠልሽ አውቃለሁ። እሁድ ጠዋት እነኬንዚ ምድር ቤት የሆነውን ግን አልሰማሽም። ኬንዚ ደረጃውን እየወረደች ነው፤ በአንድ እጇ የቺሊ ወጥ ድስት፣ በሌላው የቀረፋ ዳቦ። የትናንቱ የደጋፊ ቀይ ቀለም ከጉንጯ ገና አልለቀቀም። ታች አጎቷ ኩርት ቤቱን በጩኸት አናግቶታል።

«ሯጩን ማንም አልነካውም እኮ! ብቻውን ነው የተንሸራተተው! ተነሳ፣ ገባ፣ አለቀ! በጠራራ ፀሐይ ዘረፉን!»

«ኧረ ዝም በል፣ አንተ የቺካጎ ሰው!» ይሉታል ጋሽ ዴልበርት፣ የወንድ አያቷ የልጅነት ጓደኛ። «በኮሌጅ ኳስ ጉልበትህ መሬት ከነካ አበቃ፤ ሰው ነካህ አልነካህ ማን ጠየቀህ? አንተ የምታወራው የፕሮፌሽናሎቹን ሕግ ነው። እዚያ ሄደህ ተበላሽተህ ቀረህ።»

ኩርት ጆሮው ድረስ ቀላ። እዚህ ቤት ተወልዶ ይሄን መሳት! ግን ዋናው ጥያቄ አሁንም እዚያው ነው፤ ጉልበቱ ነክቷል ወይስ አልነካም? ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል የኛ ሃያ ሁለት ቁጥር ኳሷን ታቅፎ ሲሮጥ፣ መስመሩ ሥር ደርሶ አዳለጠው። ወዲያው ብድግ ብሎ መስመሩን ዘሎ ገባ፤ ቢጸድቅ ስድስት ነጥብ፣ ድሉም የኛ ነበር። ስታዲየሙ ሊፈርስ ደረሰ። ዳኛው ግን ጉልበቱ ነክቷል አለ፣ በቃ።

ወንድ አያቷ ቨርሊን ወንበራቸው ላይ ናቸው። ቺሊውን ብታቀርብላቸውም አላዩትም።

እዚህ ቤት፣ ሽንፈቱ እንዲህ ሲመር፣ በማግስቱ ችሎት አለ። ሕጉም አንድ ነው፤ አንድ ሰው የግድ ለዳኛው ጠበቃ ይሆናል፣ ሪሞቱን የሚይዘውም እሱ ነው። ኬንዚ ከተወለደች ጀምሮ የዳኛው ጠበቃ ሴት አያቷ፣ የቨርሊን ሚስት ዶሪን ነበሩ። ዳኛ ወደው እንዳይመስልሽ! «ሁላችንም አንድ ወገን ከሆንን ምኑን ኳስ ሆነ? ለቅሶ ነው እንጂ» ይሉ ነበር።

ደግሞ ያኔ! በር ላይ የበረዶ ቦት ጫማ ተቆልሎ፣ እኛ ሕፃናት ደረጃው ላይ ተደርድረን፣ የመንደሩ ወንድ ሁሉ በአንዲት አጭር ሴትዮ ላይ ሲያንባርቅ! ቴሌቪዥኑ አሮጌ ስለሆነ ምስሉ ሲቆም ይንቀጠቀጣል፤ የሯጩ ጉልበት አንዴ መሬት፣ አንዴ አየር ላይ። ዶሪን ዳቦአቸውን እያላመጡ ሁሉንም አንድ በአንድ ይረቱ ነበር። ሲረቱም ይስቁ ነበር፣ ያ ሳቅ!

ዛሬ አራት ሰው ብቻ ነው ያለው። ሪሞቱ የዶሪን ወንበር ላይ ተቀምጧል፣ ደፍሮ የነካው የለም።

«በቃ፣ ይቅር» ይላሉ ቨርሊን፣ ሰው በማይሰማው ድምፅ። «ይሄ ነገር ከሷ ጋር አብሮ ይቅር። ስታዲየም በየዓመቱ የምንከፍልባቸውን ሁለት ወንበሮችም ነገ ደውዬ እመልሳለሁ። ከማን ጋር ልቀመጥ?»

ኩርት መሬት መሬቱን ያያል። ጋሽ ዴልበርት ኮፍያቸውን ያነሳሉ። አሁን አንድ ሰው ካልተናገረ አያቷ ተነስተው ቴሌቪዥኑን ሊያጠፉ ነው፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ የሚያበራው የለም። ኬንዚ ይሄ ገባት። ሪሞቱን አነሳች።

«ዳኛው ልክ ነው።»

«ምን አልሽ?» ኩርት ዓይኑን አፈጠጠ። «ታዲያ ያን ፊትሽን ለማን ብለሽ ነው የቀባሽው?»

ትናንት እኮ ትራስ ነክሳ ያለቀሰች ልጅ ናት። ምስሉን ወደ ኋላ መለሰችው። «አባባ፣ ጉልበቱን ተወው። ከሥሩ ያለውን እይ። ሳሩ ሰው ሠራሽ ነው አይደል? ውስጡ ጥቁር የጎማ ፍርፋሪ አለ። ቆይ… ቆይ… ይኸው! ዘለለ! አየህ? ጉልበቱ ካልነካው ፍርፋሪውን ማን አዘለለው?»



«ጫማው ነዋ!» አሉ ቨርሊን።

«ጫማው በዚያ በኩል ነው አባባ።»

«የተከላካዩ እጅ ነው እንግዲያ!»

«ማንም አልነካውም ተባብለን የለም እንዴ?»

ቨርሊን ብድግ አሉ። መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ አፍንጫቸው መስታወቱን እስኪነካ ቴሌቪዥኑ ላይ ተደፉ። የአንገታቸው ሥር ተገታተረ። «ፍርፋሪ ትለኛለች! ለእኔ! አንቺ ሳትወለጂ፣ እናትሽ ሳትወለድ ኳስ ያየሁ ሰውዬ! ሽመላ ቤት ተወልደሽ ለዳኛ ትሟገቻለሽ? አታፍሪም? ማን ነው እንዲህ አድርጎ ያሳደገሽ?» ጠረጴዛውን በቡጢ ሲመቱት ቺሊው ምንጣፉ ላይ ፈሰሰ። ወደ እሱ ዞር ያለ የለም።

የኬንዚ ዓይን እንባ ሞላ። ሽማግሌውን ገደልኩት ብላለች በልቧ። ወደ ጋሽ ዴልበርት ጠጋ ብላ በሹክሹክታ «ጋሼ፣ አጠፋሁ እንዴ?» አለቻቸው።

ጋሽ ዴልበርት ዓይናቸውን ከጓደኛቸው ሳይነቅሉ እንዲህ አሏት፦

«ምን አጠፋሽ? ከዶሪን ቀብር ወዲህ ድምፁን ዛሬ ገና መስማቴ ነው። ተዪው፣ ይጩህ።»