አንድ በሬ ያለው ሰው

«ሰዓቱ ሊሞላ ነው!» ይላል ጓድ ቀለሙ፣ ከአውራጃ የተላከው ተቆጣጣሪ።

እንግሊዛዊው ሚስተር ሃርድዊክ ከማሳው ዳር ቆሞ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል። ፈታኙ ገበሬ አቶ ኑርሁሴን ሲያዩት አንጀታቸውን ይበላቸዋል።

እንግሊዝ አገር ሚኒስትርነት በዘርም በወዳጅም አይገኝም፤ በፈተና ነው። የእርዳታ ሚኒስትር የሚሆነውን ደግሞ መጨረሻ ላይ የሚፈትነው እርዳታው የሚደርሰው ገበሬ ነው። ሦስቴ የወደቀ ዳግመኛ ለፈተና አይቀመጥም። ይኸ ሰውዬ ሁለቴ ወድቋል።

የኑርሁሴን ጥያቄ በየዓመቱ ያችው ናት፤ «ድርቁ አንድ በሬ ብቻ ያስቀረለት ሰው በምን ያርሳል?» ካቻምና «በትራክተር» አለ። አምና «በሬ ይገዛለት» አለ። ዘንድሮ አማርኛ ተምሮ፣ ከኮምቦልቻ በእግሩ መጥቶ፣ በሬውን ሳይቀር «እንደምን አደሩ» ብሎታል። እንዲህ ያለውን ሰው መጣል ለኑርሁሴን ሞት ነው። ቢሆንም ላላወቀ ሰው «አልፏል» ብለው አይፈርሙም፤ አማና ነው፣ የተጣለባቸው አደራ።

ሰውዬው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ይከተዋል።

«አቶ ኑርሁሴን፣ እኔ አላውቅም። ጎረቤትዎን ሄጄ ብጠይቃቸውስ?»

መልስ ሳይጠብቅ ቦዩን ተሻግሮ ወደ ጎረቤቱ ወደ ሞላ ደጅ ያቀናል።

«ኩረጃ ነው!» ጓድ ቀለሙ ብድግ ይላል። «በደንቡ ከሰው መጠየቅ ክልክል ነው። ወድቋል!»

ከማዶ የሞላ ሳቅ ይሰማል።

«አይ የኔ ጌታ! እኔስ ብሆን ከአንድ በሬ ሌላ ምን አለኝ? መቀናጆ ነዋ! የኑርሁሴንን በሬና የኔን አንድ ላይ ጠምደን፣ ዛሬ የሱን ነገ የኔን እናርሳለን። በል እንካ፣ ይዘኸው ሂድ።»

ኑርሁሴን የውጤቱን ቅጽ ከቀለሙ እጅ ይቀበላሉ።

«ደንቡን ሰምተዋል አይደል?» ይላል ቀለሙ።

«ሰምቻለሁ፣ ልጄ። ወላሂ፣ ይኸን ጥያቄ ብቻውን የሚመልስ ሰው መሬቱ ጦሙን ያድራል።»

በመሠረተ ትምህርት የቆጠሩትን ፊደል እያስታወሱ፣ ምላሳቸውን ነክሰው «አልፏል» ብለው ይጽፋሉ።

ፈረንጁ ይኸን አላየም። የወደቀ መስሎት አንገቱን ደፍቶ፣ የሞላን በሬ በገመድ እየሳበ ይመጣል። ኑርሁሴን የቀንበሩን አንድ ጫፍ አንስተው ይጠብቁታል።