መቶ ዶሮ እስኪሞላ

በ1988 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ፈንግል ሲኤምሲ ገባ ተባለ። ከዚያ ጎሮ ሩቅ አይደለም፤ የዶሮ በሽታ ደግሞ ታክሲ አይጠብቅም።

ዘውዲ እንቅልፍ አጣች። የዶሮዎቿን እንቁላል ቦሌ ያለ አንድ ኬክ ቤት ይወስድላታል፤ ልጇን ዊንታን የምታስተምረው በዚያ ነው። ዶሮዎቹ ካለቁ ትምህርቱም ማለቁ ነው።

ክትባቱ አለ። ችግሩ አንዱ ጠርሙስ ለመቶ ዶሮ የተሠራ መሆኑ ነው፤ አንዴ ከተከፈተ ደግሞ ለነገ አይሆንም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ በዳሳ መቶ ዶሮ አንድ ቦታ ካልተሰበሰበ ከቦሌ ንቅንቅ አይልም። ጎሮ ውስጥ ደግሞ ለብቻው መቶ ዶሮ ያለው ሰው የለም።

የመሰብሰቡን ሥራ ዘሃራ ያዘችው፤ ከወሎ የመጣች፣ መንገድ ዳር ሱቅ ያላት ሴት ናት። አምናም ለዚሁ ጉዳይ በየበሩ ዞራ ነበር። ያኔ ዘውዲ "ሥራ አጣሽ እንዴ?" ብላ መልሳታለች፤ መቶውም ሳይሞላ ቀረ። ዘንድሮ ግን በሩን ከፈተችላት።

"እትዬ ዘውዲ፣ ስንት ዶሮ አለዎት?"

"የኔን ተዪውና ያንቺ ስንት ነው?"

"የኔ አያሳስብዎት። ብቻ ቅዳሜ ይዘዋቸው ይምጡ።"

ዘውዲ ነገሩ አልጣማትም። የዘሃራ ግቢ ዙሪያውን በቆርቆሮ ታጥሯል፤ ዘውዲም ረግጣው አታውቅም።

"እዚያ ውስጥ መዓት ዶሮ ደብቃለች" አለቻት ለዊንታ። "በኛ ቁጥር አስሞልታ የራሷን ልታስከትብ ነው። ከዚያ ኬክ ቤቱን ትነጥቀኛለች።"

"እማ፣ ሱቋ ውስጥ የምትሸጠውን እንቁላል እኮ ከጎረቤት ከነሐቢባ ነው የምትገዛው።"

"አየሽ! የራሷን የት እያደረሰችው ይመስልሻል?"

አውራ ዶሮ እንኳ ከዚያ ግቢ ሲጮህ አይሰማም። ዘውዲ ለዚህም መልስ አላጣችም፤ እንዳይታወቅባት አውራዎቹን አርዳቸዋለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ፊት ያለው ሜዳ በጩኸት ተሞላ። ሰዉ ዶሮውን በቅርጫት፣ በማዳበሪያ፣ እግሩን አስሮ ቁልቁል አንጠልጥሎ መጣ። በዳሳም በረዶ የሞላበት ፔርሙዝ ታቅፎ ከታክሲ ወረደ። ዘሃራ ዶሮውን ትይዛለች፣ ጭንቅላቱን ዘንበል ታደርጋለች፣ በዳሳ ዓይኑ ላይ አንድ ጠብታ ጠብ ያደርጋል። እጇ በላባና በኩስ ተለውሶ እንኳ ቀና አላለችም። የዘውዲም ዶሮዎች በሰላም ተከተቡ።

ዘውዲ ግን ወደ ቤቷ አልሄደችም። የዘሃራን ዶሮዎች ለማየት ቆመች።

"ጨረስን" አለ በዳሳ። "ትንሽ ተርፏል፤ መደፋቱ ነው።"

"አይደፋም!" አለች ዘውዲ። "የሷ መች ተከተበ? እዚሁ ሁላችንም እያየን ታስከትብ።"

"ይተዉት፣ እትዬ" አለች ዘሃራ።

"አልተወውም! ምን የሚደበቅ ነገር አለ?"

ዘውዲ ሐኪሙን ክንዱን ይዛ ወደ ቆርቆሮው አጥር ገሰገሰች። ሰዉም ወሬ አያምልጠኝ ብሎ ተከተለ። ዘሃራ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና በሩን ከፈተች።

ግቢው ውስጥ ባዶ ቆጥ እንጂ አንድም ዶሮ አልነበረም።

"የኔንማ አምና ፈንግል ጨረሳቸው" አለች ዘሃራ።